ጨጓራ፣ ቃርና ኮሶ፤ የሆድ ሕመም መንስኤ እንዴት እንደ ተፈለገ

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለው አነጋገር ቃል በቃል ለባዕድ ሰው ቢነገረው ያስገርመዋል፤ ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የአካሉ ስም የሕመሙ ስም ሆኖአል። ይኸው ስም ከእምብርት በላይ የሚሰማውን ማቃጠል፣ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን መነፋት፣ በባዶ ሆድ የሚነሣውን ቁርጠትና ማቅለሽለሹንም ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ሕመምተኛው ስሙን ከጠራ በኋላ ምክንያቱን ለመናገር አይዘገይም፤ በርበሬው ነው፣ ቡናው ነው፣ ጾሙ ነው፣ ንዴቱ ነው ይላል። መድኃኒቱም ምክንያቱን ይከተላል፤ አልጫ መብላት፣ ወተት መጠጣት፣ ከሚያናድድ ነገር መራቅ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጕዳይ ይህ የስም፣ የምክንያትና የመድኃኒት ሰንሰለት ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። የሆድ ሕመም መንስኤ በየዘመኑ የተፈለገው ሰው በዓይኑ ሊያየው ወይም በምላሱ ሊቀምሰው በሚችለው ነገር ውስጥ ነበር። አንድ እውነተኛ መንስኤ በተገኘ ጊዜም፣ በአንድ ስም ሥር የተሰበሰቡትን ልዩ ልዩ ሕመሞች ሁሉ እንዲሸከም ተደረገ። ይህም የባላገሩ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የኤውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንትም በዚያው መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ስሞቹ

በቋንቋችን የሆድ ዕቃ የሕመም ብቻ ሳይሆን የስሜትም ማደሪያ ነው። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ያስቸገረውን ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» ብሎ ይከሰዋል፤ ላዘነለት «አንጀቴን በላው» ይላል፤ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ይባላል፤ ቅር የተሰኘውም ሆድ ይብሰዋል። እንግዲህ ንዴት ጨጓራን ያቆስላል የሚለው እምነት ከሐኪም ቤት ብቻ የመጣ ትምህርት አይደለም። በአነጋገራችን ውስጥ ስፍራ ስላለው፣ የውጭው ትምህርት በመጣ ጊዜ እንደ አሮጌ ዘመድ ተቀበልነው።

ቃር የሚለው ስም ከጨጓራ ይልቅ የጠበበና የተወሰነ ነው። ከደረት አጥንት በስተኋላ ወደ ጉረሮ የሚወጣውን፣ ብዙ ጊዜም ከኮምጣጣ ግሳት ጋር የሚመጣውን ማቃጠል ያመለክታል። የጥንት ግሪኮች ከጨጓራ አፍ የሚነሣውን ሕመም ካርዲያልጊያ ብለውታል፤ «የልብ ሕመም» እንደ ማለት ነው። የጨጓራውን የላይኛውን አፍ ልክ እንደ ልብ ካርዲያ ብለው ይጠሩት ነበር፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌኖስም ይህን የስም መደራረብ አስተውሎ ጽፎአል። እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ቃርን «የልብ ቃጠሎ» ይሉታል።

ይህ የስም መደራረብ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን በ1772 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በመራመድ ጊዜ ተነሥቶ በዕረፍት የሚተወውን የደረት ጭንቀት ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ለየው። ይህ ሕመም ከልብ የሚነሣ መሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። ዛሬም የልብ ሕመም ቃር መስሎ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ቃር ነው ተብሎ የታለፈ ሕመም የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስምን ከስም መለየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

የሚታየው መንስኤ

ከሆድ ሕመም መንስኤዎች መካከል አባቶቻችን በዓይናቸው አይተው ያረጋገጡት የኮሶ ትል ነው። የትሉ ቁራጭ ከሰገራ ጋር ሲወርድ ስለሚታይ መኖሩ አላከራከረም። መድኃኒቱም በደጋው አገር ይበቅላል። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠውም ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦም በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ብዙ ሰው ይህን በየሁለት ወሩ ግድም ያደርግ ነበር። ከኮሶ ሌላ እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ሥራ ይውሉ ነበር። በአነጋገራችን ዛፉም፣ መድኃኒቱም፣ ትሉም ኮሶ መባላቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ጨጓራ የአካልና የሕመም ስም እንደ ሆነ ሁሉ፣ ኮሶም የሕመምና የመድኃኒት ስም ሆኖአል።

በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከነሥዕሉ ገልጾታል። ሕመሙ በወንድም በሴትም፣ በልጅም በአዋቂም ላይ የተስፋፋ መሆኑን ጽፎአል፤ ይህ መድኃኒት በውጭ አገር ስለማይገኝ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው መውጣት አይወዱም መባሉንም መዝግቦአል። ከዚያ በኋላ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራየር የኮሶን ፈዋሽነት ለኤውሮፓ አስታወቀ፤ የዕፀዋት ሊቁ ኩንትም በ1824 ዛፉን በብራየር ስም ሰየመው። ኮሶ በኤውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የተሸጠው በዚህ መንገድ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ይህን ታሪክ በ1979 ባወጡት ጥናት በሰፊው አቅርበውታል።

እንግዲህ ሕዝባችን ትሉን ዐውቆአል፤ በእርግጥ የሚሠራ መድኃኒትም አግኝቶአል። የትሉ መምጫ በፈተና የተረጋገጠው ግን ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ኪውኽንማይስተር በ1855 በአሳማ ሥጋ ውስጥ ያለው እንቁልጢ መሰል ከረጢት በሰው አንጀት ውስጥ ወደ ትልነት እንደሚለወጥ አሳየ፤ የአገሩ ልጅ ሌውካርትም በ1861 የእኛ አገሩን ዓይነት ትል ዕንቁላል ለጥጃ አብልቶ፣ ትሉ በከብት ሥጋ ውስጥ እንደሚያድግ አረጋገጠ። ያልበሰለ የከብት ሥጋ የሚበላ ሰው ትሉን መልሶ ይቀበላል ማለት ነው። በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ትሉን ያወርዳል፤ ጥሬ ሥጋው መልሶ ያመጣዋል።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ትምህርት ይገኛል። የኮሶ ትል ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ቀላል የሆድ መረበሽ ካልሆነ በቀር ብርቱ ሕመም አይሰማውም። ይሁን እንጂ ትሉ የሚታይ መንስኤ ስለ ሆነ፣ ኮሶም ሆድን የሚያጸዳ መድኃኒት ተብሎ ስለ ተከበረ፣ ከትሉ ጋር ግንኙነት የሌለው የሆድ ሕመምም በእርሱ ሊመካኝ ቻለ። መድኃኒቱም ያለ ጉዳት አልነበረም። መጠኑ ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ኮሶ ከጠጡ በኋላ የዓይን ብርሃናቸው ስለ ተጎዳ ሰዎችም በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ ወጥቶአል። መንስኤን በትክክል ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ሕመም መንስኤ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሚቀመሰው መንስኤ

ትሉ በዓይን እንደሚታይ፣ በርበሬ በምላስ ይታወቃል። አፍን የሚያቃጥል ነገር ጨጓራንም ያቆስላል ብሎ ማሰብ ለማንም ሰው ቀላል ነው። ነገር ግን የታሪክ ዘመን ይህን አሳብ አይደግፈውም። የበርበሬ ተክል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ስለ ሆነ፣ ኮሎምቦስ በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በግሪክ ገበታ ላይ ሊገኝ አይችልም ነበር። የግሪክ ሐኪሞች ግን ከዚያ ከሺህ ዓመት በፊት የጨጓራን አፍ ሕመም ገልጸውታል። ስለዚህ በርበሬ የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በሥራ የተደረገው ምርመራም ከዚሁ ጋር ይስማማል። በ1988 ዴቪድ ግሬአምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ቅመም የበዛበት ምግብ የበሉ ጤነኞች ሰዎች ጨጓራ በመመልከቻ መሣሪያ ሲታይ በምግቡ ምክንያት የቆሰለ ሆኖ አልተገኘም፤ አስፕሪን የዋጡት ግን ጉዳት ታይቶባቸዋል። አስፕሪን የጨጓራን ስስ ሽፋን እንደሚያስቈጣ በለንደን ዳውትዌይትና ሊንቶት በ1938 ጭምር በመሣሪያ አይተው ጽፈው ነበር። እንዲህ ሆኖ ሳለ በርበሬው ሲወቀስ፣ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን ሳይጠረጠር ይኖራል። በርበሬ ያቃጥላል፤ ክኒኑ ግን ለምላስ ምንም አይደለም።

እዚህ ላይ ለበርበሬ ጠበቃ መሆናችን አይደለም። በበርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር የሕመምን ነርቭ ስለሚቀሰቅስ፣ ቃር ያለበት ሰው በርበሬ ሲበላ ቃሩ ቢብስበት እውነቱን ነው። ሆኖም ሕመምን መቀስቀስና ቁስልን መፍጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጨጓራ በር

ቃር ራሱ ከየት ይመጣል? ብዙ ዘመን የታመነው በጨጓራ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ነው ተብሎ ነበር። በ1935 አሜሪካዊው ሐኪም ዊንክልስታይን፣ የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ በሚመለስ አሲድ ሊቈጣ እንደሚችል ገለጸ። በ1956 ደግሞ ፋይክ፣ ኮድና ሽሌግል የተባሉ ተመራማሪዎች በቧንቧው ግርጌ ግፊቱ ከፍ ያለ ስፍራ እንዳለ በመለካት አሳዩ። ይህ ስፍራ ጨጓራን እንደሚዘጋ በር ነው፤ ለጉርሻው ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። በሩ ያለ ጊዜው ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የቃር ምክንያት የአሲዱ መብዛት ሳይሆን ከስፍራው መውጣቱ ነው። ጨጓራ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ምግቡ ቅባት ሲበዛበት፣ ሰው በልቶ ወዲያው ሲተኛ፣ ሲወፍር፣ ሲያጨስ፣ መጠጥ ሲያበዛ፣ ሴትም ስታረግዝ በሩ ይላላል ወይም ይገፋል።

ይህን ካወቅን የጾምና የፍስክ ሥርዓታችንን በአዲስ ዓይን ልንመለከተው እንችላለን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይበላም። በፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ጾሙ ይገደፋል፤ ዶሮ ወጡና ቅቤው በሌሊት ይበላል፤ ከዚያም ሰው ይተኛል። ብዙ መብላት፣ ቅባት መብላትና ወዲያው መተኛት ሦስቱ ባንድ ሌሊት ይገናኛሉ። በማግስቱ ሆዱን ያቃጠለው ሰው «ጾሙ ጨጓራዬን ጎዳው» ሲል ይሰማል፤ ነገር ግን ከጾሙ ይልቅ አፈታቱ ነው ሊጠየቅ የሚገባው። የቆየው ልማድ ይህን የተረዳ ይመስላል። ከቅባቱ በፊት ሆድን ለማለስለስ ተልባ የመጠጣት ልማድ አለ፤ ይህም ሆድ ከባድ ምግብን በድንገት እንዳይቀበል የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ልማዱ የሕክምና መጽሐፍ ሳይኖረው ትክክለኛውን ሰዓት ማመልከቱ ሊደነቅ ይገባዋል።

አሲድና ንዴት

አሁን ወደ ጨጓራ ቁስል እንሻገር። እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት በ1823 በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት፣ በ1822 በጥይት ቆስሎ በጨጓራው ላይ የማይዘጋ ቀዳዳ የቀረለትን አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለውን ሰው ለብዙ ዓመታት መረመረ፤ ያየውንም በ1833 አሳተመ። ቦሞንት ሰውየው ሲናደድ የምግቡ መፈጨት እንደሚታወክ አስተውሎአል። እኛ «ጨጓራዬን ላጠው» የምንለውን እርሱ በቀዳዳ አየው ማለት ይቻላል።

ካርል ሽቫርትስ በ1910 ያለ አሲድ ቁስል አይፈጠርም አለ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ሁሉ አሲድን ወደ ማብረድ ዞረ። በ1915 አሜሪካዊው ሲፒ ለቁስለኞች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም የሚሰጥበትን ሥርዓት አወጣ። ወተት ለጊዜው ቃጠሎውን ያበርዳል፤ ዳሩ ግን ራሱ ጨጓራን አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚቀሰቅሰው ዕረፍቱ አጭር ነው። በ1936 ሃንስ ሴልዬ ብርቱ ጭንቀት የደረሰባቸው አይጦች ጨጓራ እንደሚቆስል ባሳየ ጊዜ፣ ጭንቀት ዋና መንስኤ ነው የሚለው አሳብ ሥር ሰደደ። ከ1976 ጀምሮ የተሸጠው ሲሜቲዲን፣ በ1988 የተከተለውም ኦሜፕራዞል አሲዱን በእጅጉ ቀነሱ፤ ቁስሉም ዳነ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቁስሉ በብዙዎች ላይ ተመለሰ። ይህ የኮሶን ታሪክ ያስታውሰናል፤ መድኃኒቱ በትክክል ይሠራል፤ መንስኤው ግን በስፍራው አለ።

የማይታየው መንስኤ

አሲድ ባለበት ስፍራ ተሐዋስያን ሊኖሩ አይችሉም የሚለው እምነት ጽኑ ነበር። በ1954 አሜሪካዊው ፓልመር ከ1,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ጨጓራ የተወሰደ ሥጋ መርምሮ ባክቴሪያ የለም ባለ ጊዜ ክርክሩ የተዘጋ መሰለ። ግሪካዊው ሐኪም ሊኩዲስ ከ1958 ጀምሮ የጨጓራ ቁስልን በፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ማከሙን ቢናገርም ሰሚ አላገኘም።

በ1979 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን በተቈጣ ጨጓራ ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎች አየ። ከእርሱ ጋር የተባበረው ባሪ ማርሻል ባክቴሪያውን ለማብቀል ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም ነበር፤ በ1982 በፋሲካ በዓል ምክንያት የማብቀያው ሳህን ከተለመደው ቀን በላይ በመቆየቱ በቀለለት። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ታመመ፤ ጨጓራውም ተቈጥቶ ተገኘ። በ1989 ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፒሎሪ ተባለ፤ ሁለቱም ሰዎች በ2005 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ ቁስሉ በአብዛኛው ተመልሶ አይመጣም።

ለሰው ዘር ጥናት ግን ከሽልማቱ የሚበልጥ ነገር አለ። በ2007 ሊንትስና ባልደረቦቹ ከልዩ ልዩ አህጉራት ሕዝቦች የተወሰደውን የዚህን ባክቴሪያ ዘር አነጻጽረው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ከሰው ጋር የወጣው ከ58,000 ዓመት በፊት ግድም መሆኑን ገመቱ። በ1991 በአልፕስ ተራራ በበረዶ ውስጥ በተገኘው፣ ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ በሆነው ሰው ጨጓራ ውስጥም ይኸው ባክቴሪያ መኖሩ በ2016 ተገለጸ። በርበሬ ከገበታችን የ500 ዓመት እንግዳ እንኳ በቅጡ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ግን ከነገሥታቱም ከእርሻውም በፊት የነበረ ባለ አገር ነው።

መደምደሚያ

ዛሬ በከተሞቻችን «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚለው ስም በሕዝብ አፍ ገብቶአል። ይህ ዕውቀት የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን አሮጌው ልማድ በአዲስ ስም እንዳይመለስ ያሠጋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ቃር ያለበት ሰው በሩ የላላበት ሊሆን ይችላል፤ ክኒን የሚያዘወትረው በክኒኑ የቆሰለ ሊሆን ይችላል፤ ጥሬ ሥጋ የሚወደው ትሉን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ቁስል ሳይገኝበት ሆዱ የሚታወክም ብዙ ነው። ባክቴሪያው በተራው የሁሉን ዕዳ እንዲከፍል ከተደረገ፣ ከበርበሬና ከኮሶ ታሪክ አልተማርንም ማለት ነው። ደም የሚያስታውክ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ወይም ጉርሻ የማይወርድለት ሰው ደግሞ በየትኛውም ስም ተደልሎ ከሐኪም ሊዘገይ አይገባውም።

የአገራችንን መድኃኒት ለሚያጠኑ ተማሪዎች ከዚህ የሚወጣ አንድ የሥራ ምክር አለ። ማርሴል ግሪዮል በ1930፣ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ባሳተሟቸው የደብተራ መድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ፣ መድኃኒቱ የሚጻፈው በሕመሙ የአገር ስም ነው። ያንን ስም በአንድ የዘመኑ በሽታ ስም ተርጕሞ ማለፍ የብዙ ሰው ሕመም ማጥፋት ይሆናል። ጠያቂው «ምን ይባላል?» ብሎ ብቻ ሳይመለስ፣ የት እንደሚያም፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚነሣ፣ ሲተኙ ይብስ ወይም ይሻል እንደ ሆነ፣ ምን ተበልቶ ምን ተውጦ እንደ ነበር ለይቶ ይጻፍ። ጨጓራ የሚለው አንድ ቃል ሲፈታ ስንት ሕመም እንደ ያዘ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ለእያንዳንዱም የሚገባው መድኃኒት ሊታሰብ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው።